የጠራው በርሜል

አርባ ምንጭ ውስጥ የጋዝ ጉድጓድ የለም። ነዳጅም ቢሆን የምናውቀው በማደያ ነው፤ እሱም በተገኘ ቀን፣ ከባጃጆቹ ሰልፍ ኋላ ቆመን። ስለዚህ ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው “ከጋዝ ጉድጓድ የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ እንዴት እንደሚጣራ አጠናለሁ” ስል ወይ ይስቅብኛል ወይ ያዝንልኛል። ሲቀላ ሰፈር ያለችው አከራዬ ለጎረቤት ያስተዋወቀችኝ “ይቺ ልጅ ውሃ እያቆሸሸች ደመወዝ ትበላለች” ብላ ነው። ተናድጄ ነበር፤ ግን አልተሳሳተችም።

እውነተኛው ውሃ እጄ ላይ ስላልነበረ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አምሳያውን መሥራት ነበረብኝ። ከቧንቧ ኩልል ያለ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጨው እበጠብጥበታለሁ፣ ናፍጣ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ፌኖል የሚባለውን ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል በጓንት መዝኜ እጨምርበታለሁ። ከዚያ የሩዝ እጣቢ እስኪመስል ድረስ በማማሰያው ማሽን አስመታዋለሁ። ኦቾሎ ላደገች ሴት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የእኛ መንደር የተቀመጠው ሸንተረር ላይ ነው፤ ውሃው ከታች፣ ቤቱ ከላይ። ልጅነቴን የጨረስኩት ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ ያንን ዳገት ስወጣ ነው። ንጹሕ ውሃ ላይ ናፍጣ ባንጠባጠብኩ ቁጥር እናቴ ከኋላዬ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ዞር ብዬም አይቻለሁ።

የጥናቴን ርእስ የመረጥኩት በታናሽ ወንድሜ ምክንያት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቀ። አባቴ ሸማኔ ነውና ከጎኑ አስቀምጦ መወርወሪያ ሊያስይዘው ሞከረ፤ ልጁ ግን ቁጭ ብሎ መዋል አልሆነለትም። እኔም በየበዓሉ በመጣሁ ቁጥር “ፈተናውን ድገመው” እያልኩ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ሁለታችንንም ሸሽቶ ከሰፈር ልጆች ጋር ሥራ ፍለጋ ወጣና በስተምሥራቅ፣ በረሃ ውስጥ፣ አንድ የጋዝ ጉድጓድ ካምፕ ተቀጠረ። ምን እንደሚሠራ በስልክ ስጠይቀው “ውሃ እጠብቃለሁ” አለኝ። በረሃ ውስጥ ምን የሚጠበቅ ውሃ አለ ብዬ ሳቅሁበት።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጋዝ ከመሬት ሆድ ብቻውን አይወጣም፤ ከሥር ተኝቶ የኖረ ውሃም አብሮት ይወጣል። ጋዙ ተለይቶ በራሱ ቧንቧ ይሄዳል፣ ውሃው ደግሞ ላስቲክ ወደተነጠፈበት ሰፊ ኩሬ ይገፋል። የወንድሜ ሥራ ፓምፑንና ቱቦውን መከታተል፣ ኩሬው እንዳይሞላ ማየት፣ ሰውም ግመልም እንዳይጠጋው መጠበቅ ነበር። ይህን ሲያስረዳኝ ድምፁ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሰው ስለማይኮራበት ሥራ ሲያወራ እንዲያ ነው።

ለመጀመሪያ ዕረፍቱ ሲመጣ ግን አለቃውን አስፈቅዶ ከዚያ ኩሬ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዞልኝ መጣ። መንገዱን ሁሉ ከእግሩ ሥር አድርጎት ነው የመጣው። የአውቶቡሱ ረዳት አረቄ መስሎት ሲያባብለው እንደነበረ፣ አንድ ኬላ ላይም ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አሽትቶ ፊቱን አጨማዶ “ምንድነው ይሄ?” እንዳለው ነገረን። “ለእህቴ የያዝኩላት ስጦታ ነው” ቢለው፣ ፈታሹ “ምን ብታደርግህ ነው?” ብሎ አሳለፈው። ይህን ወሬ ኦቾሎ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም። እኔ ግን ጀሪካኑን ስቀበለው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ በሁለት እጄ አቀፍኩት። ወርቅ ቢያመጣልኝ እንዲያ አልሆንም ነበር።

ውሃው ግራጫ ነበር፤ ላዩ ላይ የዘይት ዐይን ይዋኛል፣ ከሥሩ ደቃቅ ጭቃ ተቀምጧል። ጨዉ ግን እኔ ስሠራው ከኖርኩት አምሳያ በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። በኋላ ላይ ሁሉንም ያሳሳታቸው ይኸው ይመስለኛል። ውሃው ቢመር ኖሮ ማንም አይጠጋውም ነበር።

እንዲህ ያለው ውሃ የያዘው ቆሻሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚታየው ነው፤ የዘይት ጠብታው፣ ጭቃው፣ ዝገቱ። ሁለተኛው እንደ ስኳር ሟሙቶ የተደበቀው ነው። የነዳጅ ዘመዶች የሆኑ ኬሚካሎች ናቸው፤ ገሚሶቹ በቆዳ ይገባሉ፣ ገሚሶቹ እየተነኑ በአፍንጫ ይገባሉ። ከርመው በደም፣ በጉበት፣ በነርቭ ላይ ሥራቸውን ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ዐይን ይለየዋል። ሁለተኛውን መሣሪያ ካልሆነ የሚለየው የለም፤ እኔም ደመወዝ የምበላው በሁለተኛው ነው።

አሁን ስለ ሀለኮ መናገር አለብኝ። በአማርኛ ሺፈራው የሚባለው ዛፍ ነው። ጋሞ ውስጥ ስለ ሀለኮ ክፉ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ለደም ግፊት ይሰጣል፣ ለስኳር ይሰጣል፣ ለጨጓራ ይሰጣል፣ ለወለደች ሴት ይሰጣል። እናቴ ደጋ ላይ ስለማይበቅልላት ቆላ ካለች እህቷ ታስመጣለች፤ ማንም ሰው ምን ቢታመም የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ሀለኮ በልቷል?” ነው። ዘሩ ደግሞ ተወቅጦ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ያጠራል። ይህ የእናቴ እምነት ብቻ አይደለም፤ ሳይንሱም መስክሮለታል። በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን ሰብስቦ ያጓጉለውና ይዞት ወደ ታች ይወርዳል። እኔም የጋሞ ልጅ ነኝና፣ ለጋዙም ውሃ ቢሆን መጀመሪያ የሞከርኩት ሀለኮን ነው።

ወንድሜ ወደ ካምፑ ሊመለስ ሲል ቤተ ሙከራ ይዤው ገባሁ። ከጀሪካኑ ቀድቼ በብርጭቆ አደረግሁለት፣ የተወቀጠ ዘር ጨመርኩበት፣ ማማሰያውን አስነሳሁት፣ ከዚያ አቁሜ ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ ግራጫው ነገር እንደ እርጎ እየተቋጠረ ወደ ታች ወረደ። ከላይ የቀረው ውሃ ጠራ። ወንድሜ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፤ በስተጀርባው የአባያ ሐይቅ ይታያል፣ ቀይ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ድፍርስ። “ከአባያ ይበልጣል!” አለና ሳቀ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

“ገና አልለካሁትም” አልኩት። ውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካው መሣሪያ መለዋወጫ እየጠበቀ ነበር። “ስለካው ነው የምናውቀው፤ እስከዚያ ውሃው ያው ነው” ብዬም ጨመርኩ። ይህን እዚህ የምጽፈው ንስሐ ልገባ አይደለም። ነግሬዋለሁ። ሰው በዐይኑ ያየውን በጆሮው በሰማው እንደማይለውጥ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር።

ወንድሜ ለእናቴ ነገራት። እናቴም ልጇ በረሃ ውስጥ የሚጠብቀውን የረከሰ ውሃ ሀለኮ እንዳነጻው ስትሰማ ከእኔ ዲግሪ ሁሉ ይልቅ በዚያ ኮራች። ለእህቷ ላከችባትና ወንድሜ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የሀለኮ ዘር ተሸክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለመወቀጫም የራሷን ሙቀጫ ሰጠችው። መናኸሪያ ስሸኘው ማዳበሪያውን አየሁት፤ ሰው በየሄደበት ሀለኮ ይዞ መሄዱ እዚህ የተለመደ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውልልኝ ነበር። እኛ ቤት እርስ በርስ የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ እሱ ግን ሲደሰት አማርኛ ይቀላቅላል። ያን ቀን ከሰላምታው በፊት “እህቴ፣ በርሜሉ ጠራ!” አለኝ።

“የቱ በርሜል?”

“የኩሬው ውሃ ነዋ! በርሜል ሙሉ ቀዳሁ፣ ዘሩን ወቅጬ ጨመርኩ፣ በእንጨት አማሰልኩ። ሲነጋ እንባ መስሏል። ልጆቹ ሁሉ ታጠቡበት፤ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ዶክተር!”

 ለካምፑ ንጹሕ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴው ሲዘገይ ያለው ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ይታደላል። ልጆቹ ከፓምፕና ከግራሶ ጋር ሲታገሉ ውለው ገላቸውን ሳይታጠቡ ያድራሉ። በዚያ ሙቀት። ኩሬው ደግሞ አጠገባቸው ነው። አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ጎጃሜ፣ አንዱ የጂግጂጋ ልጅ ነው፤ ለውሃው ወረፋ የሚይዙትም ወንድሜን “ዶክተር፣ ዛሬ ጠርቷል ወይ?” እያሉ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

“አልለካሁትም አላልኩህም?” ብዬ ጮህኩበት።

“በዐይናችን እያየነው ምኑን ነው የምትለኪው?” አለኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያባብለኝ ነበር። “ደግሞ ሀለኮ'ኮ ነው። ኬሚካል አይደለም።”

 በእጄ ቁጥር የለም። ለጊዜው እንዲተወው ለመንኩት፣ እሺ አለኝ፣ አልተወም። አለመተዉን ያወቅሁት በሚቀጥለው ጥሪ ሸሚዙንና አባቴ የሸመነለትን ጋቢ አጥቦበት እንዴት እንደነጣለት ሲነግረኝ ነው።

መለዋወጫው መጣ፣ መሣሪያው ተነሣ። መጀመሪያ ከጀሪካኑ ያልተጣራውን ውሃ ለካሁ፣ ከዚያ በሀለኮ የጠራውን። በቆሻሻው የጠራው በለጠ። መሣሪያው ገና አልተስተካከለም ብዬ እንደገና ለካሁ። በለጠ። ብርጭቆ ለውጬ፣ አዲስ ዘር ወቅጬ፣ ሁሉን እንደ አዲስ ጀምሬ ለካሁ። ዐይኔ ፊት እንደ ምንጭ ውሃ የሚያበራው ነገር ከድፍርሱ ይልቅ ብዙ ቆሻሻ እንደተሸከመ መሣሪያው ያለ ሐፍረት ይነግረኛል።

ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ እንዲያውም ቀድሞ ያልታየኝ ለምን እንደሆነ ገረመኝ። የሀለኮ ዘር ራሱ ዘይት አለው። ዘይቱ ሳይወጣለት ሲወቀጥ ጭቃውን ያወርዳል፣ የራሱን ዘይትና የራሱን ፕሮቲን ግን ውሃው ውስጥ ይተዋል። ከነዳጁ የመጡትን የሟሙ ኬሚካሎች ደግሞ ጨርሶ አይነካቸውም፤ እነሱ የሚቋጠር ነገር አይደሉም። ስለዚህ ቀድሞ ሰውን የሚያስጠነቅቀው ድፍርሱና ዘይቱ ሄደ፣ የሚጎዳው ቀረ፣ ላዩ ላይም ለባክቴሪያ ቀለብ የሚሆን አዲስ ነገር ተጨመረ። ይህን ስህተት ሌላ አገር ያለ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። ሌላው ሰው የማያውቀውን ዱቄት ይጠራጠራል፤ እኛ ግን ሀለኮን እንዴት ብለን እንጠርጥር?

ደወልኩ። ከነቁጥሩ፣ ከነምክንያቱ አስረዳሁት።  ከዚያ “ያንቺ ማሽን ተበላሽቶ ከርሞ ትናንት አይደል የተነሣው?” አለኝ።

“ሦስቴ አረጋግጫለሁ።”

“እኛስ ስንት ጊዜ ታጥበንበታል? የታመመ የለም። አንዱ እከኩ ሁሉ ለቆታል።”

“አይታመሙም፣ ዛሬ አይታመሙም! ነገሩ ቀስ ብሎ ነው።”

“እህቴ” አለኝ፣ አሁን ድምፁ ተለወጠ፣ “እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ቢሳካልኝ ምን ይጎድልብሻል?”

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የተናገረው ስለ ውሃው አልነበረም። ያ በርሜል የጠራበት ቀን እሱ የወደቀ ተማሪ መሆኑ ያበቃበት ቀን ነው፤ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ “ድገመው” እያልኩ የነዘነዝኩት፣ ያንን ልነጥቀው ነው የደወልኩት። ቆዳው ላይ የሚሆነውን እያወቅሁ ዝም ልልም አልችልም። እናቴን እንድታግዘኝ ብነግራት ደግሞ ባሰ። “ሀለኮ ማንን ጎድቶ ያውቃል?” አለችኝ። ሀለኮ አይደለም የሚጎዳው ብዬ ውሃው ውስጥ ስለቀረው ነገር ሳስረዳት፣ “ታዲያ እሱን ስደቢው እንጂ ሀለኮን ለምን ትሰድቢያለሽ?” ብላ ተቀየመችኝ።

እንደገና ስንነጋገር ረጋ ለማለት ሞከርኩ። እሱም ረጋ ብሎ “እሺ፣ ምን ጨምሬበት ልታጠብ? መድኃኒቱን ንገሪኝ” አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ከልቤ መልስ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ያለኝ መልስ ግን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተንሳፋፊው ዘይት ይገፈፋል። ከዚያ ዘይቱ ተጨምቆ በወጣለት የሀለኮ ዘር ጭቃው ይወርዳል። የሟሟው ደግሞ በከሰል ውስጥ ያልፋል፤ እኔ ከሰሉን የሠራሁት ዶርዜ ቤት ሠሪዎች ከሚጥሉት የቀርከሃ ቁርጥራጭ ነው፣ ጥሩም ይይዛል። የተረፈውን ባክቴሪያ እየበላ እንዲጨርሰው አየር እየተነፋበት ይከርማል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው ውሃ ወደመጣበት ጥልቀት ተመልሶ ቢገባ የማያሳፍር ውሃ ነው። ገላ የሚታጠቡበት ውሃ አይደለም።

“ይሄ ሁሉ ሆኖም አይታጠቡበትም?” አለኝ።

“አይታጠቡበትም።”

“ታዲያ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ምንድነው የምትሠሪው?”

መለስኩለት፣ ግን የመለስኩትን አላስታውስም፤ መልካም ቃል እንዳልነበረ ብቻ አስታውሳለሁ። በመጨረሻ በቁጥሬ ካላመነ በራሱ አፍንጫ እንዲያምን ብዬ አንድ ነገር አዘዝኩት። ከጠራው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ፀሐይ ላይ እንዲያውለው፣ ከዚያ ከፍቶ ከሩቅ እንዲያሸተው። ከውሃው የሚተኑት ኬሚካሎች በሙቀት ወጥተው ጠርሙሱ አንገት ላይ ይሰበሰባሉ። እኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞክሬው ከማደያ አጠገብ የቆምኩ ያህል ነበር የሸተተኝ። ማንም ሊሳሳተው አይችልም።

በማግስቱ ደወለ። “ከፈትኩት። ምንም አይሸትም” አለኝ።

“አጥብቀህ ዘግተኸዋል?”

“ዘግቼዋለሁ።”

“ውሸታም!” አልኩት። ከሁሉ ያናደደኝ ይኸ ነበር። መከራከር አንድ ነገር ነው፤ አፍንጫ ስር ያለን ነገር መካድ ግን ሌላ ነው። እሱም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አልደወልኩም፤ አልደወለም። በእናቴ በኩል ደህና መሆኑን እሰማለሁ፣ በርሜሉም ደህና መሆኑን እሰማለሁ።

መስቀል መጣ። ለመስቀል የጋሞ ሰው ከያለበት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ የሚሸምነውም፣ ሞያሌ የሚነግደውም። ወንድሜም ፈቃድ አግኝቶ መጣ። እኔ ከሲቀላ ተነሥቼ ኦቾሎ የደረስኩት ቀድሜው ነው። እንዴት እንደምቀበለው መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር፤ ፊቴን አኮሳትሬ ልቀበለው ወስኜ ነበር። ዳገቱን ጨርሶ ብቅ ሲል ግን ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከስቶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ሳየው ኩርፊያው ከየት ይምጣ።

እናቴ ሮጣ አቀፈችው። አቅፋው ሳለች ፊቷ በጋቢው ላይ ነበር፤ ድንገት አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች። “ልጄ፣ በናፍጣ መኪና ነው የመጣኸው?” አለችው።

“በአውቶቡስ ነው፣ እማ።”

አባቴም ሳመው፣ እሱም ጋቢውን በእጁ ያዝ አድርጎ አሸተተ። ራሱ የሸመነው ጋቢ ነው። ጥጥ ደግሞ ያገኘውን ይይዛል፤ ዘይትም ቢሆን፣ ሽታም ቢሆን። ወደ ቤት ስንገባ ሽታው አብሮን ገባ። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ የመጡት ጎረቤቶች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አንዷ ሴትዮ የማሾው ላምባ ፈሶ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ብላ ከመደቡ ሥር ተመለከተች። እንግዳን እንዲህ ሸተትህ ማለት ነውር ስለሆነ ማንም ምንም አላለም። ወንድሜ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መሃል ተቀምጦ ጋቢውን ይበልጥ ወደ አፍንጫው ከፍ አድርጎ ተከናንቦ ይስቃል።

ያኔ ነው የገባኝ። የሚሸተውን እየደበቀ አልነበረም።

እናቴ በመስቀል ከሩቅ ለመጣ ልጇ አናቱ ላይ ቅቤ ታደርጋለች። ከአሪቲ ጋር የታሸ ለጋ ቅቤ ነው፤ ለበዓሉ ብላ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ሰው ሁሉ እያየ ወንድሜን ፊቷ አንበረከከችውና በእጇ ሙሉ አድርጋ አናቱ ላይ አኖረችለት። መረቀችው። ቅቤው መቅለጥ ሲጀምር የአሪቲው ሽታ የናፍጣውን እንኳ ሸፈነው። “አቤት የቅቤው ሽታ!” አለ አንድ ሽማግሌ፣ ሌሎችም ተቀበሉት። ወንድሜ ቀና አለ። ሁሉንም በየተራ አያቸው። በጣቱ ከግንባሩ ላይ የሚወርደውን ቅቤ ጠረገ፣ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ፣ ቆየ፣ እንደገና ወሰደ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ከቤቱ ኋላ፣ ሸንተረሩ አልቆ አባያ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

“እህቴ፣ የእማ ቅቤ ይሸታል?” አለኝ።

“ይሸታል።”

“ምን ምን?”

“አሪቲ አሪቲ። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል።”

ራሱን ነቀነቀ። “ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም” አለ። “ጠርሙሱን ስከፍተው አልዋሸሁሽም።”

ይቅርታ ልለው ፈልጌ ክንዱን ያዝኩት። ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ከውሃው ከራቅህ ማሽተትህ የሚመለስ ሊሆን ይችላል፣ አልኩት በኋላ። ሊሆን ይችላል ማለቴንም ሰማኝ፤ ይሆናል አላልኩም።

 ከዚያ ስልኩን አወጣና ደወለ። እዚያ ጫፍ ላይ ኔትወርክ ጥሩ ነው። ያነሣው ለመስቀል ካምፕ የቀረው ጎጃሜው ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ ስለሆነ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

“ዶክተር! እንኳን አደረሰህ! ዘር አልቆብናል፣ ይዘህልን ና እንጂ!”

“ስማኝ፣ በርሜሉን ወደ ኩሬው መልሱት” አለ ወንድሜ። “ማንም እንዳይታጠብበት።”

“ምን ሆነ ደግሞ? ዛሬማ እንዴት ጠርቶልሃል መሰለህ፤ ጥርስህ እስኪታይህ ድረስ!”

“አውቃለሁ። ይጠራል።” ወንድሜ ግንባሩ ላይ የደረሰውን ቅቤ በመዳፉ ጠረገው። “እናቴ ራሴ ላይ ቅቤ አደረገችልኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሸተተው። እኔ አልሸተተኝም።”

ሰውየው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። 

“እኔም ባለፈው ሽሮው ሲያርር አላወቅሁም” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ቆይ።”

ስልኩን ሳይዘጋ ራቅ ሲል፣ ድስት ሲንቀሳቀስ፣ አንዱን ሲጠራ ሰማነው።

“አንተ፣ እስቲ ና፤ ይሄን ሽንኩርት አሽተው።”